በሆዱ ያስተኙት ሁሉ ይወዱት ነበር

ልጄ፣ ቤትሽን የሕፃናት መዋያ ልታደርጊው መሆኑን ሰማሁ። ደስ ብሎኛል። በቨርጂንያና በሜሪላንድ ስንት የእኛ ሴቶች በዚህ ሥራ ቤት ገዝተዋል፤ ልጅ ኮሌጅ አስገብተዋል። አንቺም እጅሽ ለልጅ የተባረከ ነው። ያሳሰበኝ ስለ ሥልጠናው ያልሽው ነገር ነው። «ያልወለደች ወጣት መጥታ ሕፃን እንዴት እንደሚተኛ ታስተምረን ጀመር፤ ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይሄ አይደል?» ብለሽ ስቀሻል አሉ። ተረቱ ደግ ተረት ነው። እዚህ ቦታ ላይ ግን አይሠራም። ለምን እንደማይሠራ በሆነ ታሪክ ልንገርሽ። ረዘም ይላል፤ ልጆቹ ሲተኙልሽ አንብቢው። ዓመተ ምሕረቶቹን የምጠራልሽ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

በ1946 ቤንጃሚን ስፖክ የሚባል አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪም ስለ ልጅ አያያዝ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ በየቤቱ ገባ። በብዙ ቋንቋ ተተረጎመ፤ በአሥር ሚሊዮኖች ተሸጠ። እናቶች ልጁ ሲያለቅስ፣ ሲያስመልሰው፣ ሲያተኩሰው ገልጠው የሚያነቡት እሱን ነበር። ሐኪሙ ልጅ የሚወድ፣ ወላጅን የማያስፈራራ፣ ለስላሳ ሰው ነበር። ታዲያ በ1950ዎቹ አጋማሽ መጽሐፉን አሻሽሎ ሲያሳትም ጨቅላ ሕፃን በሆዱ ቢተኛ ይሻላል የሚል ምክር አስገባ። ምክንያትም ነበረው። በጀርባው የተኛ ሕፃን ቢያስመልሰው ትውከቱ ያንቀዋል አለ። ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ስለሚዞርም ጭንቅላቱ በዚያ በኩል ጠፍጣፋ ይሆናል አለ።

እዚህ ላይ ቆም በይ። ምክንያቱን ደግመሽ አንብቢው። ጆሮ ላይ ጥሩ ነው አይደል? የእኔም እናት ብትሰማው ትስማማበት ነበር። ግን ማንም አልፈተነውም ነበር። በጀርባቸውና በሆዳቸው የተኙ ሕፃናትን አመሳክሮ ስንቱ ታነቀ፣ ስንቱ ዳነ ብሎ የቆጠረ አልነበረም። ምክሩን ያመኑት የሚያሳምን ስለመሰላቸውና የተናገረው ሰው ደግና አዋቂ ስለነበረ ነው። ሌሎች ሐኪሞችም ተከተሉት። ሆስፒታሎች አራሶችን በሆዳቸው ማስተኛት ጀመሩ። እናትየዋ ነርሷ ስታደርግ ያየችውን ቤቷ ወሰደችው፤ በኋላም ለልጇ አስተማረችው፤ ልጅቷም አያት ስትሆን ለልጅ ልጇ ሞግዚት አስተማረች። እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ያልተፈተነ ሐሳብ በሁለት ትውልድ ውስጥ ባህል ሆነ።

በዚህ መሃል ግን ብዙ ሕፃናት ይሞቱ ነበር። አሟሟታቸው ልብ ይሰብራል። ጤነኛ የሁለትና የሦስት ወር ልጅ ጠብቶ፣ አግስቶ ይተኛል። እናት ከአንድ ሰዓት በኋላ ስትመጣ ሞቶ ታገኘዋለች። አላተኮሰውም፣ አላለቀሰም፣ ሬሳው ሲመረመርም ምክንያት አይገኝም። ሐኪሞቹ ድንገተኛ የጨቅላ ሕፃናት ሞት የሚል ስም አወጡለት፤ ስልጠናው ላይ «ሲድስ» ሲሉ የሰማሽው እሱን ነው። ስም ማውጣት ግን ማዳን አይደለም። ወላጆች በራሳቸው ላይ ፈረዱ፤ አንዳንዶቹን ፖሊስ ጠረጠራቸው፤ ባልና ሚስት ተወቃቅሰው ተለያዩ።

መልሱን ቀድሞ የጠረጠረ አገር ግን ነበር። ጀርመን ለሁለት ተከፍላ በነበረችበት ዘመን ምሥራቅ ጀርመን የእያንዳንዱን ሕፃን አሟሟት የሚመረምር ጥብቅ ሥርዓት ነበራት። በሥርዓቱ በኩል ጥርጣሬው ወደ አተኛኘቱ አመራ። በ1972 ሕፃናትን በሆዳቸው ማስተኛት እንዲቀር መመሪያ ወጣ። ይህ ሌላው ዓለም ዘመቻ ከመጀመሩ 20 ዓመት በፊት ነው! በመሃላቸው ከነበረው ግንብ ማዶ ምዕራብ ጀርመን ግን ልጆቹን በሆዳቸው ማስተኛቷን ቀጠለች። ግንቡ ሰውን ብቻ ሳይሆን እውቀትንም አገደ ልንል እንችላለን። እኔ ግን ግንቡን ብቻ አልወቅስም። ግንብ በሌለበትም የሰማ አልነበረም።

በ1985 አንድ ሐኪም የሆንግ ኮንግን ነገር ጻፈ። እዚያ ሲድስ ብርቅ ነው፤ የቻይና እናቶች ደግሞ ልጆቻቸውን የሚያስተኙት እንደ ጥንቱ በጀርባቸው ነው አለ። በሆላንድ ደ ዮንግ የተባለ የሕፃናት ሐኪም አገሩ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሆድ ማስተኛትን ከለመደች ወዲህ ሞቱ መብዛቱን አስተዋለና በ1987 ይህ ነገር ይቅር ብሎ ተናገረ። በኒውዚላንድም በዚያው ዓመት ትልቅ ጥናት ተጀመረ። በእንግሊዝ ብሪስቶል ከተማ ፒተር ፍሌሚንግ የተባለው ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በ1990 ያወጣው ጥናት ሁለት ነገር አሳየ። አንደኛው በሆድ መተኛት አደጋውን ብዙ እጥፍ እንደሚጨምር ነው። ሁለተኛው አለቅጥ መሸፈንና ማሞቅ ነው። ይህን ሁለተኛውን ያዢልኝ፤ ወደ ጋቢያችን ስንመጣ እንፈልገዋለን።

ጥናት መጽሔት ላይ መውጣቱና እናት ጆሮ መድረሱ ለየቅል ነው። በእንግሊዝ መንገዱን ያሳጠረችው አን ዳይመንድ የምትባል የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ናት። ሴባስቲያን የሚባለው ልጇ በ1991 በተኛበት ሞተባት። ኒውዚላንድ ድረስ ሄዳ እዚያ የተገኘውን ሰማች። አገሯ ተመልሳ የጤና ሹማምንቱን «ይህን እያወቃችሁ ለምን ለእናቶች አልነገራችሁም?» ብላ ፋታ ነሳቻቸው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ዘመቻው በቴሌቪዥን ተጀመረ። አሜሪካ ውስጥ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ምክሩን በ1992 ለወጠ፤ አገር አቀፉ ዘመቻ ደግሞ በ1994 ተከተለ። ከዘመቻው በፊት አሜሪካ ውስጥ ከመቶ 70 ያህሉ ሕፃናት በሆዳቸው ይተኙ ነበር፤ በ1998 ወደ 20 ወረዱ። የሲድስ ሞት ከጥቂት ዓመታት በኋላ በግማሽ ያህል ቀነሰ። መርፌ የለ፣ ክኒን የለ፤ ልጁን ገልብጦ ማስተኛት ብቻ።

ዋጋውን ደግሞ ስሚ። በ2005 እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች የቆዩትን ጥናቶች ሁሉ ሰብስበው መረመሩ። በ1970 ላይ የነበረው ማስረጃ ተሰብስቦ ቢታይ ኖሮ በሆድ ማስተኛት አደገኛ መሆኑ ያኔውኑ ይታወቅ ነበር አሉ። በጊዜው ቢነገር ኖሮ በእንግሊዝ ከ10 ሺህ በላይ፣ በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በአውስትራሊያ አካባቢ ደግሞ ቢያንስ 50 ሺህ ሕፃናት በተረፉ ነበር። ከእነዚህ ልጆች አንዱንም የገደለው ክፉ ሰው አይደለም፤ ሁሉንም በሆዳቸው ያስተኟቸው የሚወዷቸው ናቸው። አንቺ ሦስት ልጅ አሳድገሻል፤ እሱ ብቻ ለምን እንደማይበቃኝ ገባሽ? እነዚያም አያቶች አሳድገው ነበር። በሆዱ ተኝቶ ያልሞተው ልጅ ይበዛል፤ ልምዳቸው የነገራቸውም «ምንም አይሆንም» ብሎ ነበር።

ትውከቱስ? ትይኝ ይሆናል፤ ይህን እናቶች ሁሉ ይጠይቃሉ። ሕፃን በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከላይ፣ የምግብ ቧንቧው ከሥር ይሆናል። ያስመለሰው ነገር ወደ ሳምባው እንዲገባ ሽቅብ መውጣት አለበት። በሆዱ ሲተኛ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የአየር ቧንቧው ከሥር ስለሚሆን የሚወጣው ወደዚያ ይወርዳል። የስፖክ ምክንያት ልክ በተቃራኒው ነበር ማለት ነው። በዚያ ላይ ፊቱን ፍራሽ ውስጥ የቀበረ ሕፃን ያስወጣውን አየር መልሶ ይስባል፤ እንቅልፉም ስለሚከብድ አየር ሲያጥረው ቶሎ አይነቃም።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ለእናቶች ብቻ እጽፈው ነበር። ለአንቺ የጻፍኩት ከዚህ በኋላ ስላለው ነው።

ዘመቻው ቤት ለቤት ሲሠራ አንድ ቦታ ዘለለ። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ትሠራ የነበረችው የሕፃናት ሐኪም ሬቸል ሙን ከባልደረቦቿ ጋር በ11 ግዛቶች በሲድስ የሞቱ 1,916 ሕፃናትን መዝገብ አገላበጠች። በ2000 የወጣው ጥናቷ እንዳሳየው ከመቶ 20 የሚሆኑት የሞቱት በሌላ ሰው እጅ በዋሉበት ነበር። ሕፃናት በዚያ በሚውሉት ሰዓት ልክ ቢሆን ከመቶ 8 አካባቢ ነበር የሚጠበቀው። ከእነዚህ ውስጥ ደግሞ አብዛኞቹ የሞቱት በትልልቅ ማዕከሎች አልነበረም፤ እንዳንቺ ቤት ባለ መኖሪያ ቤት ነበር። ሌላም ነገር ታየ። በአደራ ቦታ ከሚሞቱት ሲሦ የሚሆኑት በመጀመሪያው ሳምንት ይሞታሉ፤ ከነዚያም ግማሾቹ በመጀመሪያው ቀን።

በመጀመሪያው ቀን! ይህን ሳነብ ለምን እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ወስዶብኛል፤ ሲገባኝ ግን ቀላል ነው። እናት በሐኪሟ ምክር ልጇን ከተወለደ ጀምሮ በጀርባው አስተኝታዋለች። አንገቱ ገና አልጸናም፤ ተገልብጦ መተኛትን አያውቅም። እዚህ አገር እናት ሥራዋን ሳታጣ እንድትቆይ የፌዴራሉ ሕግ የሚፈቅድላት 12 ሳምንት ነው፤ እሱም ያለ ደመወዝ። ብዙዎቹ እሱንም አይጨርሱም። ስለዚህ ልጁ አንቺ ዘንድ የሚመጣው በሁለት ወይም በሦስት ወሩ ነው። ሲድስ የሚበረታው ደግሞ ከሁለት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ነው። አዲስ ቤት፣ አዲስ ሽታ፤ ልጁ አምርሮ ያለቅሳል። ልምድ ያላት ሞግዚት በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚሠራ አንድ ነገር ታውቃለች፤ በሆዱ አስተኝታ ጀርባውን መታ መታ ታደርገዋለች። ዝም ይላል፤ ይተኛል። በጀርባው መተኛት የለመደ ሕፃን ድንገት በሆዱ ሲተኛ አደጋው እስከ 18 እጥፍ እንደሚደርስ ተለክቷል። እናት ትክክለኛውን አድርጋ ነበር፤ ሞግዚቷም ልጁን ልታባብል ነበር። ሁለቱ ሳይነጋገሩ ቀሩ።

ስለዚህ ልጅ ስትቀበዪ መጀመሪያ የምትጠይቂው ስለ ወተቱ ሳይሆን ስለ እንቅልፉ ይሁን። እንዴት ይተኛል? የት? ምን ለብሶ? መልሱን ጻፊው። በመጀመሪያው ሳምንት ሌላ አዲስ ጨቅላ አትቀበዪ፤ ዓይንሽ ለሁለት ይከፈላል። እናትየዋ ሥራ ከመጀመሯ በፊት ለአንድ ሁለት ሰዓት እያመጣች ብታለማምደው ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው።

የገዛሽውን የሕፃን አልጋ፣ ክሪቡን፣ አሳይተሽኛል፤ ያማረ ነው። ግን ውስጡን ባዶ አድርጊው። ጠንካራ ፍራሽ፣ በልኩ የተወጠረ አንሶላ፣ ሌላ ምንም። ትራስ አይግባ፤ አሻንጉሊት አይግባ፤ በጎን የሚታሰረው ለስላሳ መከላከያም አይግባ፤ እሱንማ በ2022 የወጣው የፌዴራል ሕግ እንዳይሸጥም ከልክሎታል። በዘንጎቹ መሃል ያለው ክፍተት ከ6 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ የለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ በመሃሉ ካለፈ ሰፊ ነው ማለት ነው። ዘመድ «የልጆቼ ነበር» ብሎ የሚሰጥሽን አሮጌ ክሪብ፣ በተለይ አንዱ ጎኑ ወደ ታች የሚንሸራተተውን፣ አመስግነሽ መልሺ። እነዚያ ጎናቸው እየተገነጠለ ከ30 በላይ ሕፃናት ስለሞቱ ከ2011 ወዲህ መሸጥ ተከልክሏል፤ እንዳንቺ ያሉ መዋያዎችም እስከ 2012 መጨረሻ እንዲያስወግዱ ታዘው ነበር።

አሁን ጋቢው። እኛ ብርድ እንፈራለን። ልጅ ካልተሸፈነ የበረደው ይመስለናል። አገር ቤት ልጁ በእናቱ ጎን ወይም በጀርባዋ ላይ ነበር፤ ትንፋሹ ከትንፋሿ አይርቅም፤ ቤቱም ሌሊት ይቀዘቅዛል። እዚህ ግን ቤቱ በማሞቂያ የሞቀ ነው፤ ልጁም በክፍሉ ለብቻው ነው። ፊቱ ላይ የወጣ ጋቢ የሚያነሳለት የለም። ፍሌሚንግ ያስጠነቀቀው ሙቀት ይህ ነው። የሚተኛበትን ልብስ አልብሺው፤ ብርድ ልብሱን ተዪው። ሶፋ ላይም አታስተኚው፤ በዥዋዥዌ ወይም በመኪና ወንበሩ እንቅልፍ ከወሰደው አንስተሽ ክሪቡ ውስጥ በጀርባው አጋድሚው። ዞር ብለሽም እዪው። በካሜራ አይደለም፤ ሄደሽ፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል በዓይንሽ እስክታዪ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ በሰው ልጅ ላይ ደግሞ ጥርጣሬ ነውር የለውም።

ስለ ልጆቹ ቁጥር ስናወራ ፊትሽ ይጠቁራል፤ ይገባኛል። ገንዘቡ ያለው እዚያ ነው። ቨርጂንያ ልጆችን በነጥብ ትቆጥራለች። እስከ 15 ወር ያለ ሕፃን 4 ነጥብ ነው፣ ከ16 እስከ 23 ወር ያለው 3፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለው 2፤ አንድ ሰው ብቻውን ከ16 ነጥብ በላይ መያዝ አይችልም። አራት ጨቅላ ከያዝሽ ሞልቷል፤ አንድ የሁለት ዓመት ልጅ እንኳ አይጨመርም። ጎረቤት «ለዛሬ ብቻ ያዢልኝ» ትላለች። ብሩ ያጓጓል። ይህን ቁጥር ቁጭ ብሎ ያወጣው ሰው ምን እንዳሰበ ግን እኔ ይታየኛል። የእሳት ማንቂያው ቢጮህ መራመድ የማይችል ስንት ልጅ በሁለት እጅሽ ይዘሽ ደረጃ ትወርጃለሽ? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለላት ሴት ቢያንስ የጣለችው ዕቃ ነበር። ከአራት ልጅ በላይ እስካልያዝሽ ድረስ ግዛቱ ላይሰንስ አይጠይቅሽም፤ ገደቡ እስከ 2016 አጋማሽ አምስት ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ነው የጠበበው። አንቺ ግን ባትጠየቂም አውጪው። ኢንስፔክተር የማያየው ቤት ስህተቱን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

ስለሚራመዱት ብዙ አልልም፤ እነሱ ቢያንስ ይጮኻሉ። አንድ ነገር ብቻ። ከሰዓት በኋላ ቡና ማፍላት እንደምትወጂ አውቃለሁ። ጀበናው ረከቦት አጠገብ፣ ፈንዲሻው በሰፌድ ወለሉ ላይ፣ ቆሎውም አለ። የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ እጁ ረከቦቱ ላይ በቀላሉ ይደርሳል፤ ከዓይንሽም ይፈጥናል። ፈንዲሻ አራት ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም፤ መንጋጋው ሳይጸና ጉሮሮው ውስጥ ይሰነቀርበታል። ቆሎም እንደዚያው ነው። ቡናሽን ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ጠጪ። ቅር ቢልሽም እንዲሁ ይሁን።

የሚከብድሽ ፈተና ከእናት ነው የሚመጣው። አንድ ቀን አንዲት እናት፣ ምናልባትም ዘመድሽ፣ «የኔ ልጅ በሆዱ ካልሆነ አይተኛም፤ አያቱ ያስለመዱት እንደዚያ ነው፤ አንቺም እንደዚያው አድርጊ» ትልሻለች። ታለቅስብሻለች፤ ትቆጣሻለች፤ ሌላዋ ጋ እወስደዋለሁ ትላለች። ያኔ ሕጉ ያግዝሻል። ቨርጂንያ ውስጥ ጨቅላ በጀርባው ካልሆነ በሌላ መንገድ የሚተኛው የልጁ ሐኪም በጽሑፍ ሲያዝ ብቻ ነው። የሐኪሙን ወረቀት አምጪ በያት። ካመጣች ፋይሉ ውስጥ አድርጊው። ካላመጣች ልጁ በጀርባው ይተኛል፤ ያለቅሳል፤ አንቺም ክሪቡ አጠገብ ቁጭ ብለሽ እስኪለምደው ታባብዪዋለሽ፤ ሁለትና ሦስት ቀን ይፈጅብሽ ይሆናል። በዚህ ተቀይማ ከወሰደችው ይውሰድልሽ። የወሩ ሒሳብ ይጎድላል፤ የመኪናውን ዕዳ የምትከፍዪው አጥተሽ ለእኔ ትደውዪ ይሆናል። ደውዪ።